አንድ መኪና የሚይዝ ጋራዥ

«ታዲያ ታክሲው ይሰባበር? እሱን ነው የምትለኝ?»

«ቀለሟ ገና አልደረቀም ነው የምልህ! ገፍተህ ስታወጣት እጅህ ላይ አልቀረም?»

ወንድሜ መዳፉን ገልብጦ አየው። አረንጓዴ ነበር። ሱሪው ላይ ጠረገውና ሳቀ።

የምንጨቃጨቀው ጋራዡ በር ላይ ቆመን ነው። ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ያለው ቤታችን አንድ መኪና ብቻ የሚይዝ ጋራዥ አለው። ውስጥ የወንድሜ ታክሲ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል፤ አንድ ጠብታ እንኳ አልነካውም። ውጭ የኔዋ አለች፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። በረዶው ገና ማቆሙ ነበር። እንቁላል የሚያህለው በረዶ ሣሩን ሸፍኖታል። አየር ማረፊያ የመንገደኛ ዊልቸር ስገፋ ውዬ ወደ ከተማችን ኦሮራ በአውቶቡስ ስመለስ፣ የአውቶቡሱ ጣሪያ ሲደበደብ ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናዬ ጋራዥ ውስጥ ናት ብዬ።

ኮፈኖዋ፣ የሞተሯ ክዳን፣ አሉሚኒየም ነው፤ በጉልበት ከተጫኑት ይሰረጉዳል። የብርዱን ወራት ሙሉ፣ አሸዋ የሞላሁት ከረጢት ላይ እያስተኛሁ፣ በእንጨት መዶሻ እየደበደብኩ ነው ያቀናሁት። አሁን ፈንጣጣ የበላው ፊት መስሏል።

ያመጣት እሱ ነው። ወደ አየር ማረፊያ የሚያመላልሳቸው አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ «ካስነሳሃት ውሰዳት» ብለው ሊብሬዋን በስሙ አዞሩለት። እሱ ደግሞ «ግጥም እያልክ ቃላት ከምትሰነጥቅ ብረት ቀጥቅጥ» ብሎ ለኔ ጣላት። ስፍቃት ከቀዩ ቀለም ስር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ስር ነጭ ወጣ። ሽማግሌውን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ነጭ ሳለች ከእንግሊዝ በመርከብ ያስመጣት አንድ ወታደር ነው። ሰማያዊውን እሳቸው ቀቡት። ቀዩን የቀባው ልጃቸው ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተማት።

«ልጅዎ ተጎዳ?» አልኳቸው።

«መኪናዋ ምንም አላደረገችውም። ጥርሱን ያወለቅኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። አልሳቁም።

«ሊብሬው በማን ስም ነው?» አለኝ ወንድሜ፣ ጋራዡ በር ላይ እንደቆምን።

«ማን አስነሳት?»

«ማን ያበላሃል? ያ ታክሲ አይደለም? አንድ ቀን ቢቆም ግጥምህን ጠቅልለን ልንጎርስ ነው?»

«ብርድ ልብስ እንኳ ጣል ብታደርግባት ምን ነበረበት?»

«ለብረት ብርድ ልብስ! ስማ፣ እኔን ጋሼ እያልክ ያደግከው ዘበኛዋ ልታደርገኝ ነው?»

የብረቱን መዶሻ ከግድግዳው ላይ አወረድኩ።

«አታደርገውም» አለ።

«ጋሼ፣ ዞር በል።»

በመጀመሪያው ምት የታክሲው የፊት መስታወት ነጭ ሆነ። በሁለተኛው ወደ ውስጥ ረገበ። ሦስተኛውን አልደረስኩበትም፤ ቡጢው አገጬን አገኘው። በጀርባዬ በረዶው ላይ ወደቅኩ። ጉልበቱን ደረቴ ላይ አሳርፎ ደገመኝ። አፌ ደም ሞላ። ጆሮው እጄ ገባ፤ ያዝኩትና ጠመዘዝኩት። እንደ ልጅ ጮኸ። የጎረቤት ውሻ አብሮት ጮኸ።

ከዚያ መዶሻውን ነጥቆኝ ወደ መኪናዬ ሄደ። እግሩን አቀፍኩት። እየጎተተኝ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ መታት። ኮፈኖው ተቀደደና መዶሻውን ነክሶ ያዘው። ሊያወጣው ሲታገል መኪናዋ አብራው ትወዛወዛለች። «ልቀቂኝ! ልቀቂኝ እኮ!» ይላታል።

የወንድሜ ሚስት የጋራዡን የውስጥ በር ከፍታ ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው። አረጋውያንን የምትጦርበትን ዩኒፎርም ለብሳ፣ የምሳ ዕቃዋን ይዛለች። ወደ ማታ ሥራዋ ሁልጊዜ የሚያደርሳት እሱ ነው። ታክሲውን አየች። መኪናዬን አየች። አፌን አየች።

«የሚሄድ መኪና የለም ማለት ነው?»

ወንድሜ የመዶሻውን እጀታ ለቀቀ።

«ቆይ፣ አንድ ጓደኛዬ ጋ ልደውል» አለ ወንድሜ እያለከለከ።

«ምን ልትለው? ለሚስቴ ታክሲ ጥራልኝ ልትለው?»

«እህቴ፣ እኔ…» አልኩ።

«አንተ መጀመሪያ አፍህን ታጠብ።»

ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ ሁለታችንም ተከተልናት። ምንጣፉ ላይ ደምና ጭቃ አንጠባጠብን። እሷ ተቀምጣ የበረዶ ጫማዋን አጠለቀች።

«ስመለስ ከነዚያ ሁለት ብረቶች አንዱን እዚህ እንዳላይ። የትኛው እንደሆነ ተጋደሉበት። እናንተም አብራችሁ ከወጣችሁ ደስታውን አልችለውም።»

ወንድሜ በሩ ላይ ቆመ። «ያንሸራትታል እኮ። አውቶቡስ በቶሎ አታገኚም።»

«ዞር በል።»

እኔ የታክሲው መስታወት ፊት እንዲህ ስለው አልሰማኝም ነበር። እሷን ሰማት። ዞር አለላት፤ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ስባ ዘጋችው።