እግርህን ከሚዛኑ ስር አስቀምጥ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማሽላዬን ራሴ አጭዳለሁ፣ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ።

ባለፈው ገበያ ግን ሸዋ ሮቢት አንድ እህል መደብር ውስጥ የተንጠለጠለው ሚዛን ከነጆንያው ወርዶ እግሬን ሰበረው። ማሰሪያው ያረጀ ሽቦ ነበር።

ዛሬ ባለመደብሩ ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ። "ሚዛኑስ ደህና ነው ጋሼ፣ ያረጀ አጥንት ነው የከዳዎት። እከሳለሁ ማለቱን ይተዉና አውፍ ይበሉኝ" አለ።

"እሺ። የሞላ ጆንያ እዚያው ሚዛን ላይ ስቀልና እግርህን ከስሩ አስቀምጥ። ሽማግሌዎቹ ይዩ፣ አውፍ እልሃለሁ" አልኩት።

መሬት መሬት እያየ "የማሳድጋቸው ልጆች አሉብኝ" አለ።

ለዱዓ እጁን የዘረጋው ሽማግሌ እጁን መለሰ። "ሰምታችኋል፤ ፍርድ ቤት ይህንኑ ትመሰክራላችሁ" አልኳቸው።

ሽማግሌ እምቢ ብላችሁ የከሰሳችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ጻፉልኝ። በምርኩዝም ቢሆን እሄዳለሁ።