ድንች የቀበረችው ወጥ ቤት

በስሟ ብትጠሯት የሚዞር የለም። እማማ ጭልፋ ስትሉ ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወደ ኩሽናው ይጠቁማል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለልጆች ምሳ ስታበስል፣ ጭልፋዋን አንድ ቀን ለሌላ ሰው አስይዛ አታውቅም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን የድንች ሾርባዋ ሳይነካ ይመለስባት ጀመር። መጀመሪያ ከአንድ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ከየጠረጴዛው። ልጆቹ ዳቦውን ይበላሉ፤ ሾርባውን ግን በማንኪያ ይገለብጡታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ። ጨው በዝቶ ይሆን ብላ ቀመሰችው፤ ጨዉ ልክ ነው። ይሄኔ ጥርጣሬዋ ወደ ሰው ዞረ። የጥበቃው ሚስት ቦታዋን እንደምትመኘው ታውቃለችና ጥበቃውን ሰላምታ ነሳችው። ምስኪኑ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ሦስት ቀን ሲገላመጥ ሰነበተ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው እሷን አልፎ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ደርሷል። አስጠራትና ወላጆች እንደከሰሷት ነገራት፤ የትናንቱን ትራፊ ከኩሽናው ጀርባ ቀብራ በማግስቱ ቆፍራ ታበላለች ተብሏል። እውነት ከሆነ ኩሽናውም ይዘጋል፣ እሷም ትሰናበታለች።

ክው አለች። ማን እንዳያት ጠየቀች። ጥግ ላይ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የሰባት ዓመት ልጅ ቆማለች።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለች ልጅቱ፤ "ድንቹን ከአፈር ውስጥ ስታወጣ አይቻለሁ። ፌስታል እንኳ የለውም።"

እማማ ጭልፋ ሳቋ መጣ፤ የሰውየውን ፊት ስታይ ዋጠችው። ሁለቱንም ወደ ጓሮ ወሰደቻቸውና አንዱን ተክል ነቅላ፣ ከሥሩ የተንጠለጠሉትን ድንቾች አሳየች። ልጅቱ ቁጢጥ ብላ መረመረቻቸው።

"ማን አሰረልሽ?"

አላመነችም። ሌላውን ራሷ ልትመርጥ አጥሩ ጥግ ድረስ ሄደች፣ በሁለት እጇ ጎተተች፣ በቂጧ ወደቀች። አምስት ድንች ወጣ። በቀሚሷ ጠርጋ አሸተተችው።

"እና ማን አስገባው?"

እማማ ጭልፋ መዋሸት አትችልበትም። "እኔ" አለች።

ርእሰ መምህሩ ቀና አለ። "ቀብረዋል ማለት ነው?"

"አዎን፣ ቀብሬያለሁ። አንዷን ቀብሬ ነው አምስት ያገኘሁት። ዘር ነዋ።"

ሰውየው አፈሩንም እሷንም በጥርጣሬ ሲያይ ቆየና፣ ሥራዋን እንድትቀጥል ነግሯት ጫማውን እያራገፈ ሄደ። ልጅቱ ግን የሆነ ነገር በልቧ ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ሾርባው ተሟጦ ተበላ። ዳቦው ግን ከየሳህኑ ጠፋ። እማማ ጭልፋ ነገሩ አላማራትም፤ ወደ ጓሮ ዞረች። ቁራሽ ዳቦ በመስመር ተተክሎ፣ ያቺ ልጅ በኩባያ ውኃ እያጠጣች ነው። ስታያት ደንግጣ ግራ ቀኝ ቃኘች።

"ዝም በይ፣ እማማ" አለች በሹክሹክታ። "ርእሰ መምህሩ ከሰማ ኩሽናሽን ይዘጋብሻል።"