«እማማ፣ አይድከሙ» እየተባለ የታለፈው ተራዬ

ዛሬ ላናደደኝ ነገር ተጠያቂው መምህር ሳሙኤል ነው። ስሙን የጻፍኩት እንዲያነበው ብዬ ነው።

እዚህ ቢቸና በጎልማሶች ትምህርት «ጌት» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ይዘናል። «አፕ» ሲከተለው መነሳት ነው፣ «አውት» ሲከተለው መውጣት፣ «ኦቨር» ሲከተለው ደግሞ ከሕመም ማገገም።

መምህሩ ከዳር ጀምሮ በየተራ ምሳሌ ጠየቀ። እኔ ጋ ሲደርስ «እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ» ብሎ አጠገቤ ወዳለችው ልጅ አለፈ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ማክበሩ ነው እንግዲህ፣ እኔም «እግዜር ይስጥህ» ብዬ እመርቀዋለሁ።

አባቴም ድሮ «አንቺ አትድከሚ» ብሎ ወንድሜን ብቻ ሞጣ ልኮ አስተማረው። እንጨት ለቀማና ውኃ መቅዳት ሲሆን ግን ድካሜ ትዝ ያለው አልነበረም።

ዛሬ ብድግ አልኩ። «መምህር፣ ተራዬ ነው» አልኩት።

«ይሄኛው ይከብዳል እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ከከበደ እኔው ልውደቅበት።»

ከጉንፋኔ ተሻለኝ ለማለት ብዬ «ጌት አፕ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ጎረምሳ «እማማ፣ ጉንፋኑን ቀሰቀሱት» አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

መምህሩ ግን አልሳቀም። እንደ ሌሎቹ «ጌት ኦቨር» ብሎ አረመኝ፣ ደግመሽ በይ እንደምትባል ተማሪ አስደገመኝ። እዚያ ክፍል ከገባሁ ወዲህ ስታረም የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ።

በአክብሮት ስም ተራችሁን የተነጠቃችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ቀስ እያልኩ ሁሉንም አነባለሁ።

እኔ ግን ከእንግዲህ የሚያልፈኝን ሰው «እግዜር ይስጥህ» ብዬ አልመርቅም።