ባሌ መጤ ያለው ቀይ ሣር

ባሌ በሃይማኖቱ ምክንያት ኦይስተር የሚባለውን ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ ቀምሶ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ኦይስተር ወደሚረባበት የባሕር ዳርቻ እየሄደ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ቀይ የባሕር ሣር ይለቅም ነበር። ሥራቸው፣ አርቢዎች ከውጭ ካስመጡት ኦይስተር ጋር ተጣብቆ የገባውን ሣር ከአገሬው ሣር መለየት ነው።

ከመሞቱ በፊት አንዱን ወረቀት ላይ አድርቆ፣ ከሥሩ በእርሳስ «መጤ» ብሎ ጽፎበት ነበር። ለቅሶው ሲያበቃ ለቡድኑ መሪ ወሰድኩለት። መሪው፣ አንድ ፂማም ፈረንጅ፣ በአጉሊ መነጽር ለአፍታ አየው።

«ሶሪ፣ ይሄ የዚሁ አገር ነው። ባልሽ ተሳስቷል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አንቺስ ከየት አገር ነሽ?»

ሰላሳ ዓመት ሲያትል የኖርኩትን እኔን ለመለየት መነጽር እንኳ አላስፈለገውም።

«በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ» ብዬ ሙጭጭ አልኩበት። ባሌን ተሳስተሃል ማለት የእኔ ሥራ ነበር፤ ለማንም አላስተላለፍኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮል አደረገልኝ። ሣሩ በስሱ ተቆርጦ ሲታይ፣ ከጃፓን ኦይስተር ጋር የመጣው ሆኖ ተገኝቷል።

«ኦኬ፣ ባልሽ ልክ ነበር» አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው እያቃሰተ።

ሄጄ ሣሩ የሚመዘገብበትን ካርድ ራሴ ሞላሁ። የለቃሚው ስም የሚጻፍበት ቦታ «ኮሌክተር» ይላል፤ በእኛ ቋንቋ «ሰብሳቢ» መሆኑ ነው። ባሌ ለዕድራችን ሰብሳቢነት በተወዳደረ ቁጥር ተሸንፏል። ስሙን እዚያ ላይ ስጽፍ እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ በስተመጨረሻ ሰብሳቢ ሆነ፣ ያውም ስብሰባ ለማይረብሽ ሣር።