ሴይቼንቶዋና የእሑድ ተራችን

ጋራዥ የገባሁ ቀን አቶ ተሰማ የሰጡኝ መርፌ ሳይሆን መቀስ ነው። የጋራዡ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ከመኪና ወንበር ሰፊነት ተነስተው ነው ለዚያ የበቁት። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። የአንድ ታክሲ መቀመጫ አውርደው ፊቴ አስቀመጡና «ያረጀውን ልብስ ሳትቀጂ ፍቺው። አዲሱን የምትቆርጪው በእሱ ልክ ነው» አሉኝ።

ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቀሚስ ግን ከልጅነቴ እሰፋለሁ። ሥራው አንድ መስሎኝ ነበር። ቀሚስ ሰው ላይ ይወድቃል፤ የወንበር ልብስ ግን ይወጠራል። ትንሽ ከሰፋ ይሸበሸባል፣ ትንሽ ከጠበበ ከስፌቱ ይተረተራል። ማታ ቤቴ ስገባ ጣቶቼ መጨበጥ እምቢ ብለውኝ ነበር። ዛሬም ብርድ ሲሆን እምቢ ይላሉ።

ከመውጣቴ በፊት መሬት ላይ የተረፈውን ቁራጭ ሰበሰብኩና ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የባለመኪናው ነው። ከፈለግሽው ጠይቂው። ካልሰጠሽ አጣጥፈሽ ወንበሩ ሥር አስቀምጪለት።»

«ይቺን ታህል ቁራጭ?»

«ይቺን ታህል።»

ያንን አልረሳሁም። ሌላው ወንበር ሰፊ ሁሉ ቁራጩን ኪሱ ሲከት እኔ ስጠይቅ ኖርኩ። «ሞኝ ናት» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ።

በደርግ ጊዜ ዕቃ ጠፋ። አዲስ መኪና የሚገዛ የለም፤ ያለው አሮጌውን እያስጠገነ ይነዳል። ስለዚህ ሥራ በዛ፣ መሥሪያው ግን አልነበረም። የፕላስቲክ ቆዳው ከገበያ ጠፋ፣ ስፖንጁም ጠፋ። የወንበሩን ሞላ በሲባጎ እያሰርኩ፣ በስፖንጅ ፋንታ ቃጫ እጠቀጥቅበት ነበር። ቃጫ አቧራው ደረት ይገባል። ደንበኛው ደግሞ «ይቆረቁራል» ብሎ ይመለሳል። «እኔንም ቆርቁሮኛል ጌታዬ» እለዋለሁ።

ሴይቼንቶዋ የግቢው ጥግ ላይ የተጣለች ነበረች። ሴይቼንቶ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽዬ የጣሊያን መኪና ናት። ባለቤቷ ሞተሯ አልነሳ ሲለው ለአቶ ተሰማ ትቶላቸው ክፍለ ሀገር ሄደ። የኋላ ወንበሯ ላይ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር። አንድ ቅዳሜ አቶ ተሰማ «ግቢዬን አጣበበችብኝ። ወይ አውጥታችሁ ጣሉልኝ፣ ወይ ሠርታችሁ ለራሳችሁ አድርጓት» አሉን።

ያሉን ሦስታችንን ነው። ጋሽ ዘውዴ ባትላሜራ ናቸው፤ የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ ያቀናሉ፣ ቀለምም ይቀባሉ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፣ ሜካኒክ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋራዡ ይዘጋል። ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እኛ እሷ ላይ እንወድቃለን። ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ሰው ቅዳሜንም ለምን ያንኑ ሥራ ይሠራል ብላችሁ አትጠይቁኝ። የሰው መኪና ስንጠግን ኖረን አንድ የራሳችን አልነበረንም።

ሰይድ ሞተሩን አውርዶ በናፍጣ አጠበው። ጋሽ ዘውዴ ዝገት የበላውን ወለል ቆርጠው የበርሜል ቆርቆሮ በየዱበት። ከዚያ ጎድጓዳውን የሚሞላ ስቱኮ፣ ከዚያ በውሃ የራሰ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ እንደገና ስቱኮ። «ቀለም ገመና አይሸፍንም፤ ያወጣል» ይሉ ነበር። ከወገቧ በላይ ነጭ፣ ከወገቧ በታች አረንጓዴ ቀቧት። ሰይድ ከወዳደቀ አውቶቡስ ያገኘውን ጡሩምባ ገጠመላት። ያቺ ጉንዳን የምታህል መኪና ስትጮህ ሰው ከመንገድ ዘሎ ይወጣ ነበር።

ወንበሮቿ የኔ ናቸው። ቆዳ ስለሌለ ደንበኞችን አንድ በአንድ ቁራጭ ለመንኩ። ከአንድ ሐኪም ክሬም፣ ከአንድ የመሥሪያ ቤት ሹም ቀይ፣ ከባለታክሲዎች ቡና ዓይነት። እምቢ ያለኝም አለ፤ አጣጥፌ ወንበሩ ሥር አስቀመጥኩለት። የተሰጠኝን በቀጭን በቀጭኑ ቆርጬ እንደ ጥለት አሰባጥሬ ሰፋሁት። ጋሽ ዘውዴ ሲያዩት «ይቺ መኪና ናት ወይስ መሶብ?» አሉ። ተቀምጠው ግን ቶሎ አልተነሱም።

ስትጨረስ የባለቤትነት ወረቀቷ፣ ሊብሬው፣ በጋሽ ዘውዴ ስም ወጣ፤ በዕድሜ ይበልጡናል ብለን ነው። ውላችን ግን አቶ ተሰማ ፊት በአፍ ተነገረ፤ መኪናዋ የሦስታችን ናት፣ እሑድ እሑድ በተራ እንይዛታለን። የዚያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ጎዶሎ ታርጋ አንዱን እሑድ ከነዳ፣ ሙሉ ታርጋ የሚነዳው የሚቀጥለውን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ተራው እስኪደርስ ሳምንታት ይጠብቃል።

የኔ ተራ ሲደርስ ጋሽ ዘውዴ «አንቺ መንጃ ፈቃድ የለሽም። ያንቺን ተራ እኛ ብንካፈለውስ?» አሉኝ።

«በሬ ላይ አምጥታችሁ አቁሙልኝ» አልኳቸው።

«ቆማ ምን ታደርግልሻለች?»

«የኔ ትሆንልኛለች።»

ቅዳሜ ማታ ሰይድ በሬ ላይ አቆማት። እሑድ ሙሉ ቀን ቆማ ዋለች። ጎረቤት ሳቀብኝ። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ጓድ ብርቄ፣ ይቺ መኪና የማን ናት?» አለኝ።

«የሦስት ሰው ናት። ዛሬ የኔ ናት።»

«ታዲያ ለምን አትሄድም?»

«ዛሬ መቆም ነው የፈለግኩት።»

በሚቀጥለው ተራዬ ሰይድ መጣ። «ብርቄ፣ ቆማ ከምትውል ልንዳልሽ? ፈቃድሽ ከሆነ።» ፈቃዴ ሆነ። እናቴ ቦሌ ቡልቡላ ከወንድሜ ጋር ነበረች፤ የዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ የጤፍ ማሳ ነው። እግሮቿ ከከዷት ወዲህ ቦሌ ሚካኤልን አልተሳለመችም ነበር። ልጆቿን ሁሉ ክርስትና ያስነሳችበት ደብር ነው። ሰይድ በማሳው መሀል በአቧራው አልፎ ወሰደኝ፤ አቅፈን መኪናዋ ውስጥ አስገባናት፣ ቅዳሴ አደረስናት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰይድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከእሑድ እሑድ የምትቆጥረው የኔን ተራ ነበር። «ተራችን መቼ ነው?» ትለኝ ነበር። ተራችን።

በጥር ጋሽ ዘውዴ ልጃቸውን ዳሩ። ሰርጉ የዋለው በኔ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ስገባ ሴይቼንቶዋ በጥብጣብና በአበባ ተሸልማለች። የጠየቀኝ የለም።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ነገ የማን ተራ ነው?»

«የልጄ ሰርግ ነው እኮ ብርቄ!»

«ሰርጉን አውቃለሁ። ተራውን ነው የጠየቅኩዎት።»

ሰው ይሰማል፤ ተናደዱ። «ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ምሳ ሰዓት ድረስ ሥራዬን ሠራሁ። ጋራዡ ሲዘጋ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አንስቼ የፊቶቹን ወንበሮች ብሎን ፈታሁ። የኋላው ብሎን የለውም፤ ይነሳል። ሰይድ እጁን እየጠረገ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድርሻዬን እያወጣሁ።»

አየኝ፣ ወንበሮቹን አየ፣ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «እኔም ሞተሬን ላውርድ እንዴ? ወላሂ እኔ ምንም አላየሁም።» ወንበሮቹን አንድ በአንድ ተሸክሜ ቤቴ አስገባሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የሰው ሰርግ ማበላሸት ቀላል ነገር አይደለም። ግን እናቴም ነጠላዋን አጥባ እየጠበቀች ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ የቤቴ በር ተደበደበ። ጋሽ ዘውዴ አዲስ ኮት ለብሰዋል። ሰይድ ከኋላቸው ቆሟል፤ መሬት መሬት ያያል።

«ብርቄ! ልጄን ምን ላይ ላስቀምጣት?»

«ሊብሬው ላይ ያስቀምጧት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አሉ። ደክሟቸዋል። ሰርግ ሲደግሱ የሰነበቱ ሰው ናቸው።

«በልጄ ቀን እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

«ቢጠይቁኝ እምቢ እልዎት ነበር?»

«አትይም ነበር» አሉ።

«ታዲያ ይጠይቁኝ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ብርቄ፣ የዛሬን ተራሽን ለልጄ ስጪልኝ።»

«ሰጥቻለሁ። እናቴ ግን ትቀድማለች።»

ወንበሮቹን ጋራዥ መልሰን ሦስታችን ገጠምን። ኮታቸውን አውልቀው አንዱን ብሎን ያጠበቁት እሳቸው ናቸው። ሰይድና እኔ ከነጥብጣቡ፣ ከነአበባው ወደ ቡልቡላ በረርን። ስንመለስ የመንደሩ ልጆች «ሙሽራ! ሙሽራ!» እያሉ ተከተሉን፤ ሰይድም ያንን የአውቶቡስ ጡሩምባ ለቀቀባቸው። እናቴ በመስኮቱ እያየቻቸው «ሙሽራውን ግን የት ጣላችሁት?» አለችን። ቅዳሴ ደረሰች። መኪናዋም ለሙሽራዋ ደረሰች። ማታ ጋሽ ዘውዴ በእጃቸው አጎረሱኝ፤ ከዚያ በኋላ ሊብሬ የሚል ቃል አላነሱም።

በሳምንቱ ሰይድ መንዳት ያስተምረኝ ጀመር። ፍሪሲዮን የሚባለውን መርገጫ ስለቅ መኪናዋ እንደ ጥጃ ትዘል ነበር። ፈተናውን ሁለቴ ወድቄ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።

እናቴ ብዙ አልቆየችም። ጋሽ ዘውዴም ደረታቸውን ታመው አረፉ፤ የዕድሜ ልክ የቀለም ብናኝ ነው ይመስለኛል። ከአርባቸው በኋላ የሳቸው እሑድ ደረሰ። ሰይድ ቁልፉን እያገላበጠ «አሁንስ እንዴት ይሁን?» አለኝ። ቁልፉን ተቀበልኩትና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጋ ነዳሁ።

በራቸው ላይ አቆምኩና ቁልፉን ሰጠኋቸው።

«ምን ላድርጋት ልጄ? እዚህ ቤት መኪና የሚነዳ እኮ የለም» አሉኝ።

«ምንም። ተራው የጋሽ ዘውዴ ነው።»

ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ቆማ ዋለች። እኔ በእግሬ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ተራቸው ቁልፉን ይዤ ስሄድ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «ልጄ ጋ ታደርሺኛለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከሰው ጋር አንድ ነገር የምትሠሩ ልጆች ይህን ያዙ፤ ድርሻችሁ ማለት ሰው ከመውሰዱ በፊት የሚጠይቃችሁ ነገር ነው። እናንተም ጠይቁ። ቁራጭም ቢሆን።