ከቃሉ በላይ ያለችው ፊደል

ዛሬ ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ የኪኒን ካርቶን ላይ Fe የሚል ሳይ «ብረት!» ብዬ ጮህኩ። ፋርማሲስቷ ሳቀች።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ያሉ የኬሚስትሪ ምልክቶችን መሸምደድ አቅቶኝ አልቅሻለሁ።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ መሪጌታው አያቴ።

«ሁለት ፊደል እንዴት ብረት ይሆናል?»

ጧፍ ጧፍ የሚሸተውን የዜማ መጽሐፋቸውን፣ ድጓውን፣ ገለጡ። ከቃሉ በላይ የተጻፈችውን ደቃቅ ፊደል በጣታቸው ነክተው ረጅም ዜማ ለቀቁት፤ ጣራው የተነሣ መሰለኝ!

«ፊደሏ ምልክት ናት» አሉ። «ዜማው ያለው እዚህ ነው» ብለው ደረቴን መታ መታ አደረጉ።

ወዲያው ምልክቶቹን እያዜምኩ ግቢውን ዞርኩት። Au ወርቅ! Ag ብር! Fe ብረት!

ድጓው ዛሬ እኔ ቤት ነው። Feን ሳይ ብረት እላለሁ፤ ያችን ደቃቅ ፊደል ሳይ ግን፣ ዜማዋን ከአያቴ ስላልተማርኩ፣ ዝም እላለሁ።