ንጉሡ እስኪሰማ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2020፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእህቴ ባል ሶዌቶ በሚገኝ ሆስፒታል በኮሮና ሞተ። የደወለችልኝን ነርስ ሙሉ ስሙንና ሰዓቱን አስደገምኳት። ዜና ሲነገረኝ ሁልጊዜ የማደርገው ነው።

የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጁ ኮዝሞ ሲቲ በሚባለው ሰፈር እኔ ዘንድ ነበረች። እናቷ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ድንበር ተዘግቶባታል። አባቷ የታመመው ክሊፕታውን ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ እያደረ ሲሠራ ነው።

በረንዳ ላይ ወጥቼ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወልኩ። መሞቱን ስነግራቸው ለልጅቷ ነግሬያት እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነገርኳትም አልኳቸው።

«እንዳትነግራት፣ ወንድሜ። መርዶ በጠዋት ነው፣ ሰው ይዞ። ዛሬን ትተኛ። ሰዓት እላፊው እንዳለፈ እንመጣለን።»

እሺ ብዬ ገባሁ።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የቤት ሥራ በስልክ ነበር የሚላክላት። የዚያን ቀኑ፣ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከሩቅ ንጉሥ እንዴት እንደተላቀቁ ለታናናሾች እንደሚተረክ አድርጎ በድምፅ መቅዳት ነው። እሷ ሁልጊዜ በአማርኛም አንድ ትቀዳና ለአባቷ ትልክለታለች። ሆስፒታል ከገባ ወዲህም አላቋረጠችም።

ታሪኩን እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ንጉሡ ከባሕር ማዶ እንግሊዝ ሆኖ እንደሚገዛቸው፣ ወኪል በሌላቸው ምክር ቤት ግብር እንደተጣለባቸው፣ ሻዩን ባሕር ውስጥ እንደደፉት፣ በመጨረሻም ጦርነት እንደተነሳ ነገርኳት። ፈረስ ላይ የተቀመጠውን የንጉሡን ሐውልት ጥለው፣ የተሠራበትን የእርሳስ ብረት አቅልጠው ጥይት አደረጉት ስላት ሳቀች።

«ፈረሱንም?»

«ፈረሱንም።»

ነጻ ነን ብለው ካወጁ በኋላ ወሬው በመርከብ እንግሊዝ እስኪደርስ ሳምንታት እንደፈጀ ስነግራት ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እና ንጉሡ እስኪሰማ አገሩ የእሱ ነው?»

«የእኔ ነው ብሎ ያስባል።»

«ማንም አይነግረውም?»

«መርከቡ መንገድ ላይ ነው።»

«ሼም፣ አንክል» አለችኝ። እዚህ አገር ለሚያሳዝን ሰው ሁሉ የሚባለው እንዲህ ነው።

ለአባቷ ስትቀዳ ከፈረሱ ጀመረች። አባዬ ይስቃል አለች። ስትልከው መልእክቱ አለመድረሱን የሚያሳይ አንድ ግራጫ ምልክት ብቻ ታየ። ሆስፒታሉ ውስጥ ኔትወርክ ደካማ ነው ብላ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካችው። የበቆሎ ገንፎውን ፓፕ ሠርቼ ከትናንት ወጥ ጋር አቀረብኩ። በላች፤ እኔም በላሁ። ከመተኛቷ በፊት ለአባቷ ጸለየች፤ አሜን አልኩ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሦስት ሽማግሌዎች ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሲያንኳኩ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። በሩን የከፈተችላቸው እሷ ነበረች።